የወንድ አያቴ ሦስት ሚስቶች

በይፋት ቆላ ዘሩን የሚቆጥር ሰው መድረሻው ሁለት ቦታ ነው። ክርስቲያን ከሆነ አንድ ደጃዝማች ላይ ይደርሳል፣ ሙስሊም ከሆነ ባሕር ተሻግረው የመጡ አንድ ሸህ ላይ። «የኔ ቅድመ አያት ማሽላ ሲያርም ኖሮ ማሽላ ሲያርም ሞተ» ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ታዲያ ያን ሁሉ ማሽላ ማን አረመው? ደጃዝማቾቹ?

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ እኔም የዘር ቆጠራ ባለሙያ ነኝ። ሙያዬን ያገኘሁት ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴና ከአንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። በዚሁ ሙያዬ ወንድ አያቴን ከሞቱ ከስንት ዘመን በኋላ ሦስት ሚስት አጋባኋቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ክረምት በወባ ገደልኩባቸው። ከዚህ የበለጠ የሠራ የታሪክ ሰው ካለ ይምጣና ደብተሬን ይረከበኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ነው። አባቴ ሰማንያን አልፏል፣ የሚኖረው ከኔ ጋር ነው። እናቱ የሞተችው የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ያሳደገችው የአባቱ እናት ናት። ከእናቱ የቀረችው አንዲት ትዝታ ብቻ ነች። ማሽላው መሐል ማማ ላይ ተቀምጠው እሷ ወፍ ስትጠብቅ፣ ወንጭፏ ጆሮው አጠገብ ሲያፏጭ። መልኳ ጠፍቶበታል፤ ወንጭፉ አልጠፋበትም። «ከእናቴ ወገን አንድም ሰው መጥቶ አይቶኝ አያውቅም» ይላል አንዳንዴ። እንደ ቅሬታ አይደለም የሚለው፤ ሰው «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» እንደሚለው ነው። ለዚህም ነው ሰሚውን የሚያመው።

አንድ ቀን የነፍስ አባታችን እኛ ቤት መጥተው ሳለ፣ እናቱን በጸሎት እንዲያነሡለት ለመናቸው። «እኔ ስሞት የሚያነሣት የለም፤ ሳልሞት ትነሣልኝ» አለ። የክርስትና ስሟን ጠየቁት። እሱ የሚያውቀውን ስም ነገራቸው። ይህማ የቤት ስሟ ነው፣ ለጸሎት የሚሆነው የክርስትና ስም ነው አሉት። አባቴ እሱን ሰምቶት አያውቅም። ቄሱ ደግ ሰው ናቸውና ፊቱን አይተው፣

«ግድ የለም፣ እግዜር ያውቃታል» አሉት።

«እግዜርማ ያውቃታል አባ» አላቸው፤ «የማላውቃት እኔ ነኝ።»

ያን ቀን ነው ደብተሩን የገዛሁት። አንዲት ስም ማግኘት ምን ያህል ይከብዳል? ሳምንት ይበቃኛል አልኩ። ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መንግሥት ነው። ሰው ሲጃጃል ከዚያ ይጀምራል። ከደጋ ተመድባ የመጣች፣ የሮቢት ሙቀት ገና ያልገባላት አንዲት ሠራተኛ ማራገቢያውን ወደ ራሷ አዙራ ሰማችኝ። ባለጉዳይዋ ራሷ መቅረብ አለባት አለች። ባለጉዳይዋ ከሞተች ሰባ ምናምን ዓመቷ ነው አልኳት። እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀቷን ይዘሽ ነይ አለች። አልተጣላንም። እንዲያውም ቀሚሷን አሳጥሬላታለሁ።

ከዚያ ወደ ዘመድ ዞርኩ። በኛ አገር «አያቴ ማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ማለት «ማሳው የታለ?» ብሎ መጠየቅ ማለት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። አባት አያት የሚቆጠረው ለመሬት ሙግት ነበርና፣ ደብተር ይዤ አጥር ግቢ ስገባ ሰው ሁሉ ፊቱን እንደ ከሳሽ ዘመድ ያጠቁርብኛል። የአባቴ አጎት ሚስት የነበሩት አሮጊት፣ ከድሮው ቤተሰብ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ገና ሳልቀመጥ የትኛው ማሳ እንዳማረኝ ጠየቁኝ። መሬት እንደማልፈልግ ማልኩላቸው። አላመኑኝም። በልጆቼ ማልኩ። ያን ጊዜ፣ «ታዲያ መሬት ካልፈለግሽ የሞተ ሰው ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። 

ቢሆንም ነገሩኝ። የአባቴ እናት የመንዝ ሰው ነበረች፤ የባላባት ልጅ። ስሟም አባቴ የሚያውቀው ነው። የክርስትና ስሟን እንጃ። በወባ ክረምት ሞተች፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ትታ። እኔም በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩ፦ ሚስት፣ የመንዝ ባላባት ልጅ፣ በወባ ሞተች፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ትታ። ባላባቷን ባገኘሁ ጊዜ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ማሽላ አራሚዎቹን ረስቼ ለሁለት ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ ሄጃለሁ።

አሮጊቷ ደግሞ የወንድ አያቴ ወረቀቶች ያሉበት ሳጥን አጣዬ አንዲት ዘመዳችን ጋ እንደሚገኝ ነገሩኝ። ደወልኩላት። አጣዬ ስትቃጠል ሳጥኑም ሳጥኑ የነበረበት ቤትም አብሮ ሄዷል። «አንቺ ደግሞ ሳጥን ነው የምትጠይቂኝ?» አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ሳጥን ማንንም አልጠየቅሁም፤ ስለ ሰው ብቻ።

ወንድ አያቴ ነጋዴ ነበሩ። የቆላውን በርበሬና ጥጥ በበቅሎ ጭነው ደጋ እየወጡ ይሸጡ ነበር። ደብረ ሲና የሚያድሩበት ቤት እንደነበራቸው፣ የዚያ ቤት ልጅም አሁን አርጅታ በሕይወት እንዳለች ሰማሁና ወጣሁ። እኛ ቆለኞች ደብረ ሲና ስንደርስ የምናደርገው ሁለት ነገር ነው፦ ቆሎ እንገዛለን፣ እንንቀጠቀጣለን። ሁለቱንም አድርጌ ገባሁ።

እማማ ሁለት ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። የነጋዴውን ሚስት ያውቋት እንደሆን ጠየቅኋቸው። «እንዴት አላውቃትም፣ እናቴ ክርስትና ያነሣቻት እሷን አይደለም?» አሉና ስሟን ነገሩኝ። አባቴ ከሚያውቀው ስም ጋር በአንድ ፊደል እንኳ አይገናኝም። ከየት ነበረች ስላቸው ከቆላ የመጣች፣ እናት አባት የሌላት ነች ይባል ነበር አሉኝ። በወባ ሞተች። ልጅ ነበራት፣ ወንድ፤ አራት ዓመት ቢሆነው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ። ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረው የክርስትና ስም ይኸው እጄ ላይ ወደቀ። የነገሩኝ የክርስትና እናቷ ልጅ ናቸው፤ ስሙ ራሱ የክርስትና ስም ነኝ ብሎ ይጮኻል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። የአባቴ እናት የመንዝ ባላባት ልጅ ናት፤ ይቺ ደግሞ የቆላ ወላጅ አልባ። ስለዚህ ጻፍኩ፦ ሁለተኛ ሚስት።

ስወጣ እማማ ነገር ጨመሩልኝ። «እናቴ ደግሞ ‹የአሊዩ አምባዋ› እያለች ስታወራ እሰማ ነበር። ሌላ ትሁን እሷው ራሷ ትሁን፣ ልጅ ነበርኩና አላውቅም።» አስተዋይ ሰው ቢሆን ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ይጽፋት ነበር። እኔ የጻፍኩት መጀመሪያዋን ነው።

ከአሊዩ አምባ ጨርቅ እያመጣች የምታሰፋ ደንበኛ አለችኝ። ጠይቂልኝ አልኳት። በሳምንቱ ደውላ፣ አዎን፣ ከአንድ ቤት የወጣች ልጅ ከሮቢት ክርስቲያን ነጋዴ ጋር ሄዳ እዚያው በወባ ሞታለች፣ አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ነበራት ይላሉ አለችኝ። ስሟም ነበረ፤ የሙስሊም ስም። ሦስተኛ ሚስት።

ደብተሬን ዘርግቼ አየሁት። ሦስት ሚስቶች። ሦስቱም በወባ። ሦስቱም በአንድ ክረምት። ሦስቱም አንድ አንድ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ትተው። ይህን ሁሉ በራሴ እጅ ጽፌ ሳበቃ ወደ ልቤ የመጣው ሐሳብ «ምስኪን ወንድ አያቴ፣ እንዴት ያለ ክረምት ነው ያሳለፉት» የሚል ነበር። ስለ ሦስት ሚስታቸው ስገረም እንጂ ስለ ሦስት ቀብራቸው ስጠራጠር አልተገኘሁም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ለአባቴ መንገሬ ነው። ማጣራት የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ደስታ ሆድ ውስጥ አይቀመጥልኝም።

«አባዬ፣ ወንድሞች አሉህ» አልኩት።

ብቻውን ያደገ ሰው ነው። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ስንት?»

«ሁለት።»

«አሉ?»

«እሱን ገና አላጣራሁም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ስለ እናቱ የክርስትና ስም መጠየቁን ተወና ስለ ወንድሞቹ ማሰብ ያዘ። አንደኛው ነገረኛ ሳይሆን አይቀርም፣ እናቱ የደጋ ክርስትና እናት ነው ያላት አለ። ሌላኛው ጫት ሳይወድ አይቀርም አለ። ታላቁ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደብተሬ ሦስቱም አራት ዓመታቸው እንደሆነ ይናገራል። «እንግዲያው እኩያ ነን» አለ፣ «ማንም ማንንም አያዝም።» ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ ስፌት ቤቴ ድረስ በከዘራው ተደግፎ መጥቶ ሁለት ሸሚዝ እንድሰፋ አዘዘኝ፣ ነጭ፣ ደረት ኪስ ያለው።

«በማን ልክ?»

«በኔ ነዋ፤ ወንድማማች አይደለንም እንዴ?»

ሰፋሁ። ኮሌታቸውን እንኳ ደርቤ ሰፋሁ። ሁለቱን ሸሚዝ በፌስታል ይዤ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ወረድኩ ማለቴ፣ ከቆላ ወደ ቆላ ለመሄድ መጀመሪያ ደጋ ወጥቶ፣ አንኮበር ላይ በርዶት፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን መውረድ ነው። ጉልበቴ ላይ ፌስታሉ፣ ፌስታሉ ላይ ደብተሩ።

ደንበኛዬ የጠቆመችኝ ቤት በር ላይ አንዲት አሮጊት ማሾ ይለቅማሉ። ከሮቢት ነው የመጣሁት፣ የዚያ ነጋዴ የልጅ ልጅ ነኝ ስላቸው እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ሄዳ የቀረችው ልጅ የአባታቸው እህት ነበረች። አስቀመጡኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ የመጣሁበትን ጠየቁኝ። ደብተሬን አውጥቼ ከመጀመሪያዋ ሚስት ጀምሬ አነበብኩላቸው፤ እንደ ተማሪ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ። የመንዟን ሰሙ። የደብረ ሲናዋን ሰሙ። የአሊዩ አምባዋ ጋ ስደርስ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

«ያ ረቢ» አሉ ሳቃቸው ሲበርድላቸው። «ልጄ፣ አንዲት ሴት ናት እኮ።»

ጣታቸውን ዘረጉልኝ። አንደኛዋ ጣት፦ እዚህ ተወልዳ የወጣላት ስም። ሁለተኛዋ፦ ልታገባ ስትል ደብረ ሲና ክርስትና ተነሥታ ያገኘችው። ሦስተኛዋ፦ ሮቢት ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ያወጣችላት። የኛ ሰው ሙሽራን በአባቷ ቤት ስም አይጠራም፤ አማት አዲስ ስም ታወጣለች። ይህን አገር ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፣ ለኔም ወጥቶልኛል፤ የባሌ ቤተሰብ እስከ ዛሬ በእሱ ነው የሚጠሩኝ። ዓመት ከሁለት ወር ሴት ስፈልግ ግን አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። የመንዝ ባላባትነቱንም ያወጣችላት አማቷ ነበረች፤ ስም ስታወጣላት በዚያው አገርም አባትም አወጣችላት። የአባቴ ሴት አያት፣ ነፍሷን ይማር፣ ሥራ ስትጀምር ጨርሳ ነው።

«እርስዎ ይህን ሁሉ በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«በአባቴ። እየተደበቀ ይሄድ ነበር።»

የቤቱ ሽማግሌዎች ልጅቷ ከክርስቲያን ጋር ስትሄድ እንደሞተች ቆጥረው ለቅሶ ተቀምጠውላታል፤ ገና በሕይወት ሳለች። ወንድሟ ግን አዝመራ በገባ ቁጥር ማሾ ቋጥሮ፣ ገበያ ሄድኩ ብሎ፣ ሮቢት ወርዶ ያያት ነበር። ሦስቱን ስሟን ያወቀው በዚህ ነው፤ በየሰፈሩ በየስሟ እየጠየቀ ስላገኛት። ከኔ የተሻለ ተመራማሪ ነበር፣ ደብተርም አልነበረው።

«በሞተች ጊዜስ?»

ማሾውን ወደ ጎን ገፉት።

«ልጁን ሊወስድ ሄደ። አማቷ አጥሩ ላይ ቆማ፣ ‹እዚህ ቤት የእስላም ልጅ የለም፤ ያለው የመንዝ ሰው ልጅ ነው› አለችው። በዓመቱም ሄደ፣ በሌላውም ዓመት። አላስገባችውም። በአጥሩ ቀዳዳ ግን አየው አሉ፣ የእናቱን ወንጭፍ አንገቱ ላይ አድርጎ። አባቴ እስኪሞት ወንጭፉን ያወራ ነበር።»

ስለ ወንጭፉ እኔ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም ነበር። ደብተሬን አጠፍኩት።

ስሟስ አልኳቸው በመጨረሻ፣ የዚህ ቤት ስሟ። ደንበኛዬ በስልክ የነገረችኝን በትክክል ሰምቼው እንደሆነ ላጣራ ብዬ ነው። ማጣራት ጀምሬያለኋ። ሴትየዋ ደረታቸውን ነኩ፤ እሱን የያዝኩት እኔ ነኝ አሉኝ። እኔ ስወለድ አባቴ የእህቱን ስም አወጣልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፣ እሱ ግን አልመለሰውም አሉ።

ልነሣ ስል ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንደገና ሳቁ፣ አሁን ግን እንባም ነበረበት። ሸሚዞቹን አውጥተው ስፌቱን አገላብጠው አዩ፣ ኮሌታውን አደነቁ፣ መልሰው አጣጥፈው ሰጡኝ። አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ አሉኝ። በሕይወት ሳለሁ ልየው፣ ኢንሻአላህ።

ሮቢት እስክደርስ መንገድ ላይ የምለውን ሳሰናዳ ነበር። ለሰማንያ ዓመት ሰው ወንድም ሰጥቶ መንጠቅ ወንጀል ነው። አባቴ በረንዳ ላይ ነበር። ከፊቱ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፣ ከእናቱ የክርስትና ስም ጀምሬ፣ ሚስቶቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ እስከ ሁለቱ ሸሚዞች። ለማጽናናት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አላደረሰኝም።

«ታዲያ ሦስቱም እኔ ነኝ በይኛ» አለ።

«አዎን አባዬ።»

«ነገረኛውም?»

«ነገረኛውም።»

ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ስለ አጥሩ ጠየቀኝ። አጎቱ በየትኛው በኩል እንደቆመ። አላውቅም አልኩት። ስንት ጊዜ እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ አልኩት። ቆይቶ ደግሞ፣ ያልነገርኩት ይመስል፣ እንደገና ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ አልኩት።

«መጥቷላ» አለ። «እኔ እኮ ማንም አልመጣም ስል ኖርኩ።»

በሚቀጥለው እሑድ ቄሱ የክርስትና ስሟን በጸሎት አነሡት። አባቴ ከአዲሶቹ ሸሚዞች አንዱን ለብሶ፣ በከዘራው ተደግፎ፣ ስሟ ሲጠራ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እኔ ስሟን ለመልመድ ነው ብዬ አሰብኩ። ሲወጣ ቄሱን «የቀሩትን ሁለቱንም ስሞች እኔ ጠርቻቸዋለሁ፤ ያው እሷ ናት፣ እንዳይምታታብዎ» አላቸው። ቄሱ አልገባቸውም፤ እኔም አላስረዳኋቸውም። ማስረዳት የጀመርኩ ቀን የደረሰውን አይቻለሁ።

ለአጎቱ ሚስት፣ ለአሮጊቷ፣ የመንዝ ባላባት እንዳልሆንን ነገርኳቸው። በአንድ ጊዜ ፊታቸው በራ፤ እንግዲያው በመንዝም መሬት አትጠይቁም ማለት ነው አሉ።

በመስከረም አባቴን አሊዩ አምባ ወሰድኩት። ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ጊዜ አስቁሞ ወርዷል። የእናቱን ስም የያዙት ሴት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሁለቱም አርጅተዋል፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። በኋላ ሴትየዋ ወደ ኋላው፣ ወደ መኪናው አሻግረው አዩና፣

«ወንድሞችህስ? የት ጥለሃቸው መጣህ?» አሉት።

አባቴ የለበሰውን ሸሚዝ ኮሌታ በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገ።

«አንደኛው ይኸውልሽ» አላቸው፤ «ሌላኛው ታጥቦ ገመድ ላይ ነው።»